ትንሽ ቀይ የቻይና ማሰሮ፣ ከስሯ ስድስት ፊደል፦ የንጉሥ ዕቃ ናት ወይስ ፎርጅድ?

ማሂ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቻይና ሸክላ የሚያውቅ ሰው እዚህ አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ኢስቴት ሴል ነበር። ለማታውቁት፣ አንድ ሰው ሲሞት ወይም ቤቱን ለቆ ሲሄድ ዕቃው እዚያው ቤቱ ውስጥ ተደርድሮ የሚሸጥበት ነው። መጋረጃ ፍለጋ ገብቼ አንዲት ቀይ የፖርሴሊን ማሰሮ ይዤ ወጣሁ። ብዙም አላስከፈሉኝም።

ማሰሮ ስላችሁ ትልቅ እንዳትመስላችሁ። ቁመቷ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከታች ሰፊ ናት፣ ወደ ላይ እየጠበበች ትሄድና አፏ ሁለት ጣት ቢያስገባ ነው። ቀይ ልበላት እንጂ ቀለሟ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጎኗ ሮዝ ነው፣ ሌላው ወደ ግራጫ ያደላል፣ ትከሻዋ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለባት። ስገለብጣት ከስር ስድስት የቻይና ፊደላት በሰማያዊ ተጽፈዋል። በስልኬ ሳስተረጉመው «በታላቁ ቺንግ፣ በካንግሺ ዘመን የተሠራ» አለኝ። ካንግሺ ከ1662 እስከ 1722 የነገሠ የቻይና ንጉሥ ነው አሉ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ እሷን የመሰለች አየሁና እንቅልፍ አጣሁ።

እና ጥያቄዬ፦ ይቺ ነገር ለምን ነበር የምታገለግለው? ለአበባ ታንሳለች፣ ለመጠጥ አትመችም። ንጉሥ የሚያህል ሰው በዚህች ምን ይሠራባታል? ከስር የተጻፈው ስምስ ማስረጃ ይሆናል? የሥራ ባልደረባዬ አሁኑኑ ጨረታ ቤት ውሰጂያት እያለች አፋጣኛለች።

እቶኑ

ማሂ ሰላም ነው? እኔ ያለሁት ጂንግደዠን ነው፣ ሴራሚክስ እየተማርኩ። ከተማዋ ጂያንግሺ የሚባለው የደቡብ ቻይና ክፍለ ሀገር ውስጥ ናት፤ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው በ1004 በሶንግ ነገሥታት ዘመን ነው (ዓመት ስጠራ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ተከታትለው ቻይናን በገዙት በሚንግና በቺንግ ሥርወ መንግሥታት ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፖርሴሊን ይሠራ የነበረው እዚህ ስለሆነ ጉዳዩ በየቀኑ ሲወራ እሰማለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ስሯን ተዪና ሆዷን እዪ። ከስር የንጉሥ ስም መጻፍ ማንም ይችላል። ዕቃዋ የተሠራችበትን ሥራ ካወቅሽ ግን ብዙ ነገር ራሷ ትነግርሻለች።

የድሮ ቻይና ጸሐፊ እንደኛ እስክሪብቶ አንስቶ አይጽፍም። ቀለሙ ደረቅ ነው። ከጥቀርሻና ከሙጫ ተለውሶ፣ በዱላ መልክ ተጋግሮ የደረቀ። መጻፍ ሲፈልግ ጠፍጣፋ የቀለም መፍጫ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ያደርግና ያንን ዱላ ቀስ እያለ ያሸዋል። ውሃው ከበዛ ቀለሙ ይቀጥናል፣ ወረቀቱም ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ውሃው የሚቀመጥበት ዕቃ ትንሽ መሆን አለበት፤ በትንሽ ማንኪያ ቆንጠር ተደርጎ ነው የሚወሰደው። አፏ የጠበበው ለዚህ ነው፤ አቧራም አይገባባትም፣ ብትነካም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጽሑፍ አታጥለቀልቅም። ታችዋ የሰፋውም እንዳትገለበጥ ነው።

ጽፎ ሲጨርስ ብሩሹን ያጥባል፤ ለዚያ ደግሞ ዝቅ ያለ የብሩሽ ማጠቢያ ሳህን አለ። ከዚያ ፊርማ የለም፣ ማኅተም ነው የሚያሳርፈው። የማኅተሙ ቀይ ቀለም ከሲናባር ማዕድንና ከዘይት የተለወሰ ነው፤ ክፍት ከተተወ ይደርቃል፣ በእንጨት ሳጥን ቢቀመጥ ዘይቱ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። ፖርሴሊን ግን አይመጠውም። ክዳን ያላት ጠፍጣፋ የፖርሴሊን ሳጥን የመጣችው እንዲህ ነው፣ ስፋቷ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በዚህ ላይ የብሩሽ መቆሚያ፣ ብሩሹ ለአፍታ የሚያርፍባት ተራራ የመሰለች መደገፊያ፣ የወረቀት መጫኛ፣ የእጅ አንጓ ማሳረፊያ፣ አንድ ዘንግ አበባ የምትይዝ ማስቀመጫ ጨምሪ። ቻይናዎች አራቱ የጽሕፈት ክፍል ሀብቶች የሚሏቸው ብሩሽ፣ ቀለም፣ ወረቀትና መፍጫ ድንጋይ ናቸው፤ ፖርሴሊኑ ከአራቱ ውስጥ የለም፣ የእነሱ አጋዥ ነው።

አሁን ወደ ቀለሟ። ያንቺ ዓይነቱን ፈረንጆች የኮክ አበባ ቀለም ይሉታል። የሚሠራው ከመዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ እቶን ውስጥ እንዳሻው የሚሆን ነገር ነው። የእቶኑ አየር ኦክስጅን ካነሰው ቀይ ይሆናል፣ ኦክስጅን ካገኘ አረንጓዴ። ሙቀቱ ትንሽ ካለፈ ደግሞ ተኖ ይጠፋና ዕቃው ነጣ ብሎ ይወጣል። ሚንግ ዘመን ላይ በንጉሥ ሹዌንደ (1426–1435) ጊዜ ድንቅ ቀይ ወጥቶላቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እየተዳከመ ሄዶ ሊጠፋ ደረሰ፣ መልሶ ያነሳው የካንግሺ ዘመን ነው። ያቺ አረንጓዴ ነጠብጣብ እንግዲህ መዳቡ አየር ያገኘበት ቦታ ናት። ስህተት ልትባል ትችል ነበር፣ እነሱ ግን ወደዷት፣ ይባስ ብለው ፈለጓት። ቀለሙ በሁለት የግሌዝ ንጣፎች መካከል ነው ያለው። ግሌዝ የምለው ላዩ ላይ ያለውን መስታወት መሰል ሽፋን ነው። ቀለሙ በጨርቅ በተሸፈነ የሸንበቆ ቱቦ እፍ እየተባለ እንደተረጨ ነው በብዛት የሚታመነው፤ ፔር ዳንትርኮል የሚባል ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ቄስ በ1712 ከዚህች ከተማ በጻፈው ደብዳቤ ቀይ ቀለም በዚህ መንገድ ሲነፋ ገልጾታል። እሱ ሰውዬ አንድ ዕቃ 70 ሰው እጅ ያልፋል ብሎም ጽፏል። እዚህ ሆኜ ሥራውን ሳየው አይበዛም እላለሁ።

በዚህ ቀለም ለካንግሺ ቤተ መንግሥት የተሠሩት ቅርጾች በጣም ጥቂት ናቸው። ብዙ ጊዜ ስምንት ተብለው ይቆጠራሉ፦ አራት የአበባ ማስቀመጫ፣ ሁለት የውሃ ማሰሮ፣ የብሩሽ ማጠቢያና የማኅተም ቀለም ሳጥን። ሁሉም የጠረጴዛ ዕቃ። ያንቺ ቅርጽ በታንግ ዘመኑ ገጣሚ በሊ ባይ ስም ነው የሚጠራው፤ ሰውዬው ወይን ጠጅ ወዳጅ ስለነበር የእሱን ጋን ትመስላለች ተብሎ።

እስቲ ሦስት ነገር እይልኝ። ትከሻዋ ላይ፣ ከግሌዙ ስር፣ በጣም በስሱ የተቀረጹ ሦስት ክብ የድራጎን ምስሎች አሉ? መብራት አዘንብለሽ ካላየሽ አይታዩም። ሁለተኛ፣ ስድስቱ ፊደላት እንዴት ነው የተደረደሩት፣ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ወይስ በሦስት ረድፍ ሁለት ሁለት? ሦስተኛ፣ አረንጓዴው ነጠብጣብ ከውስጥ የመጣ ይመስላል ወይስ ላዩ ላይ የተቀባ?

ፍሬው ዲሲ

እቶኑ አሪፍ አብራርተሃል። እኔ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ላውራ፣ ማሂ ባልደረባዋ እንዳታሳብዳት።

በዚህ ቀለም አሜሪካ ራሷ አንድ ጊዜ አብዳ ነበር። በ1886 ኒው ዮርክ ውስጥ ሜሪ ሞርጋን የምትባል የሟች ባለሀብት ሚስት ንብረት በጨረታ ሲሸጥ፣ ቁመቷ 20 ሴንቲ ሜትር የምትሆን አንዲት የዚህ ቀለም የአበባ ማስቀመጫ 18,000 ዶላር ወጣች። በዚያን ጊዜ ዶላር! ጋዜጦቹ ለወራት ሲያወሩና ሲሳለቁ ከረሙ። ገዢው የባልቲሞሩ ዊሊያም ዎልተርስ ነበር፣ ዕቃዋ ዛሬም እዚያው በስሙ በሚጠራው ዎልተርስ ሙዚየም ናት። ወሬው እንደጦዘ ዌስት ቨርጂኒያ ዊሊንግ ከተማ ያለ የብርጭቆ ፋብሪካ ቅጂዋን በብርጭቆ ከነመቀመጫዋ እየሠራ መቸብቸብ ጀመረ። የሀብታም ቤት ምድጃ ላይ የአንዷ ቅጂ ሳይኖር አይቀርም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ፈረንጅ በዚህ ቀለም ማበዱን ቻይና ያሉት ሠራተኞችም ሰምተዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የካንግሺን ስም ከስር እየጻፉ በብዛት ሠርተዋል፣ እስከ ዛሬም እየሠሩ ነው። እቶኑ ካለበት ሰፈር ወጣ ብሎ ቢያይ ሱቅ ላይ አያጣትም። ሁሉም ለማጭበርበር አይደለም፤ የድሮን ጌታ ማክበርም አለበት፤ በካንግሺ ዘመን ራሱ ከእሱ ብዙ ቀድሞ የነበረውን የሚንጉን ንጉሥ የቼንግህዋንን ስም ይጽፉ ነበር። ያም ሆነ ይህ ስም ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

ለመሆኑ ኢስቴት ሴል ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከመሸጣቸው በፊት ዋና ዋናውን ዕቃ ለገማች ያሳያሉ። አልፎ አልፎ ያመልጣቸዋል፣ አልክድም። ግን ደሞ «ያመለጠው የኔ ነው» እያለ ኪሱ የተራቆተ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አንድ የማውቀው ሰው «ኦሪጅናል የንጉሥ» ተብሎ አንድ ሻጭ የብሩሽ መቆሚያ ሸጦለት፣ በሳምንቱ እዚያው ሻጭ መስኮት ላይ ታናሽ ወንድሟ ተቀምጦ አየ።

ምክሬ፦ በበረኪና እንዳታጥቢያት፣ ጫፏ ተሰብሮ ከሆነ ሙጫ እንዳትቀቢ፣ ማንም «በጥሬ ገንዘብ አሁኑኑ ልግዛሽ» ካለሽ እምቢ በይ። ከዚያ ባልቲሞር ሂጂና እውነተኛውን በዓይንሽ እዪ፣ መግቢያው በነፃ ነው። ዲሲ ያለው የስሚዝሶኒያን የእስያ ጥበብ ሙዚየምም በነፃ ነው። ፎቶ ላይ መቶ ቀን ከምታፈጪ አንድ ሰዓት እውነተኛውን ማየት ይሻላል።

ደብተራው

ጥሩ ውይይት ነው፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አገራችን ብራና የሚጽፍ ሰው ቀለሙን በቀንድ አድርጎ መሬት ላይ ይተክለዋል፣ ብርዑን ከመቃ ይቀርጻል፣ ጨርሷል። ከዚያ ቀንድ የወጣው ጽሑፍ ደግሞ ስንት መቶ ዓመት ኖሯል። የቻይናው ንጉሥ ውሃ ለመጥለቅ 70 ሰው የደከመበት ዕቃ ያስፈልገዋል? እውነት ተጠቅመውበታል ወይስ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «እኔም ምሁር ነኝ» ለማለት ነው? ለእኔ ጉራ ነው የሚመስለኝ።

እቶኑ

ደብተራው፣ ጉራ ካልከው ልክ ነህ፣ ግን ተራ ጉራ አይደለም። ፖለቲካ ነው።

አስበው፣ የቺንግ ነገሥታት ማንቹ ናቸው። ከሰሜን ምሥራቅ መጥተው በ1644 ቤጂንግ የገቡ። አገሩን በፈረስና በቀስት ያዙት፣ ለማስተዳደር ግን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል፣ የሚጽፈው ደግሞ የሐን (የብዙኃኑ የቻይና ሕዝብ) ምሁር ነው። ብዙዎቹ ምሁራን የወደቀውን ሚንግ እያሰቡ አኩርፈው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ደቡቡ ላይ ደግሞ ከ1673 እስከ 1681 የዘለቀ ትልቅ አመፅ ተነሳ፤ ጂንግደዠንም በዚያ ጦርነት ብዙ እቶኖቿ ወደሙባት። ካንግሺ አመፁ ገና ሳያልቅ በ1679 ለምሁራን ልዩ ፈተና አዘጋጀ፣ ያኮረፉትን ሳይቀር በስም እያስጠራ፣ ላለፉት ሹመት ሰጠ። አንዳንዶቹ አንሄድም ብለው ቀሩ፣ ብዙዎቹ ግን መጡ። በ1680ዎቹ እቶኖቹ ሲታደሱና የቤተ መንግሥት ተቆጣጣሪ ወደዚህ ሲላክ እነዚህ የጠረጴዛ ዕቃዎች መውጣታቸው ለእኔ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። አንዳንዶቹ ለሹማምንት ስጦታ ሆነው ተሰጥተዋል የሚሉም አሉ።

የበለጠ ግልጽ የሆነ ማስረጃ ከፈለግክ የካንግሺን ዘመን የብሩሽ መቆሚያዎች ተመልከት። ሰማያዊ በነጭ ሆነው ዙሪያቸውን አንድ ሙሉ ድርሰት የተጻፈባቸው አሉ። ቤጂንግ በቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለው አንዱ «ቅዱስ ንጉሥ ጥበበኛ ሹማምንትን ማግኘቱን ማወደስ» የሚል የጥንቱ የሐን ሥርወ መንግሥት ዘመን ድርሰት ሙሉውን ተሸክሟል፣ መጨረሻው ላይ ቀይ ማኅተም ጭምር ተስሎበት። ንጉሡ በብሩሽ መቆሚያ ላይ «ኑ፣ አገልግሉኝ» እያለ ነው። ጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ይህንን አስቀምጦ የሚያየው ሹም መልእክቱ አይጠፋውም። ይህ ለእኔ ከየትኛውም የወርቅ ዙፋን በላይ ብልህነት ነው።

ተጠቅመውበታል ወይ ላልከው፣ ካንግሺ ብሩሽ የሚወድ ሰው ነበር፤ የሚንጉን ሊቅ የዶንግ ቺቻንግን አጻጻፍ እየተከተለ ይለማመድ ነበር፣ የእጁን ጽሑፍም ለሹማምንት ይሰጥ ነበር። የልጅ ልጁ ቺየንሎንግ ደግሞ ባሰ። ከ40,000 በላይ ግጥም በስሙ ይቆጠርለታል! ሁሉንም ራሱ ጻፈው ማለት ይከብዳል፣ ቢሆንም ጠረጴዛው ሥራ አልፈታም ማለት ነው። ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ግጥም ያስቀርጻል። ከሶንግ ዘመን የቆዩ፣ ሩ የሚባሉ በዓለም ላይ ከመቶ ያነሱ ብቻ የተረፉ ሰማያዊ አረንጓዴ ሸክላዎች አሉ፤ ዛሬ እንኳን ሊቀረጽባቸው፣ ሲነኳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል። እሱ በስራቸው ግጥሙን አስቀርጿል። ታይፔ ያለውን እንከን የለሽ የሩ ሞላላ ገበታ በግጥሙ የውሻ መመገቢያ ብሎታል። ይቅር ይበለውና፣ ከሚወደው ዕቃ ጋር እንደዚህ የሚቀልድ ንጉሥ ደስ ይለኛል።

ፍሬው ዲሲ

ሩን ካነሳህ አይቀር፣ በጥቅምት 2017 ሆንግ ኮንግ ሶዝቢስ ጨረታ ላይ አንድ የሩ የብሩሽ ማጠቢያ በ294.3 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጧል። በአሜሪካ ዶላር 37.7 ሚሊዮን ገደማ። ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር ነው። ብሩሽ ማጠቢያ! ደብተራው ቀንድህን ጠብቀው።

ሀያት

ከዱባይ ነኝ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ጥያቄ። ተራራ የመሰለ፣ አምስት ጫፍ ያለው፣ ሰማያዊ በነጭ የሆነ የቻይና ብሩሽ መደገፊያ ፎቶ አይቼ ነበር፣ መሃሉ ላይ ግን የተጻፈው በአረብኛ ፊደል ነው። ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው ወይስ ምንድን ነው?

እቶኑ

ሀያት ጥሩ ነገር አመጣሽ። እሱ የዠንግደ ዘመን ነው፣ ሚንግ፣ ከ1506 እስከ 1521። በዚያ ዘመን በአረብኛና በፋርስኛ የተጻፈባቸው ብዙ የጠረጴዛ ዕቃዎች ተሠርተዋል፦ የብሩሽ መደገፊያ፣ ክዳን ያለው ሳጥን፣ የቁርኣን ቃል ያለበት የጠረጴዛ ላይ ትንሽ የፖርሴሊን መከለያ ሰሌዳ ሳይቀር። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ለውጭ ገበያ ነው እንዳንል ቅርጹ የቻይና ጸሐፊ ቅርጽ ነው፤ በመቃ ብርዕ ለሚጽፍ ሰው ይሄ የብሩሽ መደገፊያ ብዙም አያስፈልገውም። ከስራቸውም የንጉሡ ዘመን ስም በስድስት ፊደል አለ። ስለዚህ እዚያው ቻይና ለሚኖሩ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ትልቅ ሥልጣን ለነበራቸው ሙስሊም ጃንደረቦች ነው የሚሉ አሉ፣ ንጉሡ ራሱ በእስልምና ተማርኮ ነበር የሚሉም አሉ። ክርክሩ አላበቃም። እኔ ወደ ጃንደረቦቹ አደላለሁ፣ ንጉሡ በብዙ ነገር የሚማረክ ሰው ነበርና እሱን ብቻ ይዞ መደምደም ይከብደኛል።

ደብተራው

እሺ፣ ጉራውን አነሳሁ፣ ፖለቲካውን ተቀብያለሁ። ግን ሠሪዎቹስ? ንጉሡና ሹሙ ብቻ ነው የሚወራው። ያንን ቀይ ለማውጣት እቶን ስር ያደረው ሰው ስሙ የት አለ?

እቶኑ

የለም ማለት ይቻላል። ከስር የሚጻፈው የንጉሡ ዘመን ነው፣ የሠሪው አይደለም። ደግሞ እኮ አስቂኙ ነገር፣ በ1677 የአካባቢው አስተዳዳሪ የካንግሺን ስም በሸክላ ላይ መጻፍ ከልክሎ ነበር፤ ዕቃው ሲሰበር የንጉሡ ስም መሬት ወድቆ እንዳይረገጥ ብሎ። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ከስር ባዶ ሁለት ክብ መስመር ብቻ ያለባቸው ብዙ ጥሩ ዕቃዎች አሉ። ማሂ ይሄን ልብ በይ፣ ስም የሌለው ከካንግሺ ሊሆን ይችላል፣ ስም ያለው ደግሞ ላይሆን ይችላል።

ለሠሪዎቹ በጣም የቀረበው ታንግ ይንግ ይመስለኛል። በ1728 ከቤተ መንግሥት የተላከ ሹም ነው፣ ሸክላ የማያውቅ። ራሱ እንደጻፈው በሩን ዘግቶ፣ ግብዣና ጉብኝት ትቶ፣ ሦስት ዓመት ከሠራተኞቹ ጋር በላ፣ ከእነሱ ጋር ተኛ። በመጨረሻ ከእነሱ እኩል የሚያወራ ሰው ሆነ። በ1743 በቺየንሎንግ ትእዛዝ 20 የሥራ ደረጃ ሥዕሎችን በጽሑፍ አብራራ፤ አፈር ከሚቆፈርበት ዕቃው ታሽጎ ለእቶኑ አምላክ መሥዋዕት እስከሚቀርብበት። እዚህ ትምህርት ቤት አሁንም ይነበባል። በእሱ ጊዜ የወጡት የጠረጴዛ ዕቃዎች ዓይን ያታልላሉ፦ እንጨት የሚመስል ፖርሴሊን፣ ነሐስ የሚመስል ፖርሴሊን፣ ቀርከሃ የሚመስል የብሩሽ መቆሚያ። በእውነቱ አንዳንዱ ለእኔ በዝቷል። ችሎታው ያስደንቃል፣ ግን የካንግሺዋን ቀይ የውሃ ማሰሮ ስጠኝና ቀሪውን ውሰድ።

የሠራተኛው ኑሮ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ናሙናው በሥዕል ወይም በእንጨት ተሠርቶ ከቤጂንግ ይመጣል፣ ልክ እንደዚያ መውጣት አለበት። በሚንግ ዘመን ትንሽ ጉድለት ያለበት ዕቃ ተሰብሮ ይቀበር ነበር፣ ሌላ ሰው የንጉሥ ዕቃ እንዳይጠቀም። ዙሻን በሚባለው የድሮ የቤተ መንግሥት ፋብሪካ ቦታ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እነዚያ ስብርባሪዎች እየተቆፈሩ ወጥተዋል፤ ሰዎች ቁጭ ብለው ቁራሽ በቁራሽ እየገጣጠሟቸው ነው። ከዚያ ክምር ውስጥ ቤጂንግም ታይፔም ባሉት የቤተ መንግሥት ሙዚየሞች የሌሉ ቅርጾች ተገኝተዋል። በቺንግ ዘመን ግን ነገሩ ላላ፣ ጉድለት ያለው እዚያው መሸጥ ተጀመረ።

ማሂ

እናንተ ሰዎች፣ ሌሊቱን አነበብኳችሁ። እንግዲህ መልሴ ይኸው። ድራጎን የለም። የስልኬን መብራት አዘንብዬ፣ በጣቴም ዳስሼ አጣሁ። ፊደሎቹ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ናቸው፣ ወፈር ያሉ፣ አንዱ ትንሽ ፈስሷል። አረንጓዴው ነጠብጣብ... እውነት ለመናገር እኩል እኩል ርቀት ላይ ያለ ይመስላል። የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ቡናማ ነገር ተቀብቷል፣ በውሃ ሳሸው ትንሽ ለቀቀ።

ፍሬው ዲሲ

ለቀቀ? አይ እንግዲህ። ያ ያረጀች እንድትመስል የተደረገ ነው። ሻይ ይሁን የጫማ ቀለም እግዚአብሔር ይወቅ።

እቶኑ

ማሂ፣ ከሩቅ ፍርድ መስጠት አልወድም፣ ዕቃ በእጅ ተይዞ ነው። ግን ሁሉም ምልክት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። የዚህ ቅርጽ የካንግሺ ዕቃዎች ላይ ፊደሎቹ በሦስት ረድፍ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በቀጭን ብሩሽ፣ በጣም ንጹሕ ተጽፈው ነው የምናያቸው። ድራጎኖቹም አይቀሩም። ነጠብጣቡ እኩል ርቀት ላይ ከሆነ ደግሞ እቶን አይደለም ያወጣው፣ ሰው ነው በእጁ ያስቀመጠው። የታችኛው ጠርዝ በእውነተኛው ላይ ነጭና ልስልስ ነው፣ በጥንቃቄ የተሞረደ። የእኔ ግምት ከቅርብ ጊዜ ነው፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ።

ማሂ

ገባኝ። ባልደረባዬ ናት የምታዝነው፣ ኮሚሽን ታስብ ነበር። ብቻ ወደድኳት፣ አልሸጣትም። ውሃ ብጨምርባት ችግር አለው? ልጄ የውሃ ቀለም ሥዕል ትማራለች።

እቶኑ

ምንም ችግር የለውም፣ ለዚያ ሥራ ናት። መጠጥ ብቻ አትጨምሩባት፣ የአሁኑ ዘመን የጌጥ ዕቃ ግሌዝ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። ብሩሽ ግን እሷ ውስጥ አትጠቡ፣ አፏ ጠባብ ስለሆነ ቀለሙ ውስጥ ይደርቅና አይወጣም፤ ማጠቢያ ሌላ ሰፋ ያለ ሳህን አድርጉ።

ሀያት

እኔ በክረምት ለንደን እሄዳለሁ፣ የት ልይ?

እቶኑ

ብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል 95 ግቢ። ፐርሲቫል ዴቪድ የሚባል እንግሊዛዊ የሰበሰበው የቻይና ሸክላ ነው፣ ወደ 1,700 የሚጠጋ ዕቃ፣ አብዛኛው በቁም ሳጥን ተደርድሮ። ሩም አለው። ቢያንስ ግማሽ ቀን ያዢ።

ማሂ

እኔ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ባልቲሞር ነኝ። እውነተኛዋ አጠገብ አድርጌ እንዳወዳድራት ማሰሮዋን ቦርሳዬ ውስጥ ልያዛት እያልኩ ነው።

ፍሬው ዲሲ

ኧረ ማሂ! ቤት ተያት። ሙዚየም ገብተሽ ስትወጪ ቦርሳሽ ውስጥ ቀይ የካንግሺ ማሰሮ ከተገኘ ለዘበኛው ስለ ሦስት ረድፍና ሁለት ረድፍ ስታስረጂ ልትውዪ ነው። ፎቶዋን አንስተሽ ሂጂ። ሰዓታቸውንም ከመነሳትሽ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ እዪ።